የሦስት ሰከንድ ዝምታ

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ፤ ፍኖተ ሰላም

ይህን ደብተር የገዛሁት ለጥገና የሚመጡ ኮምፒውተሮችን ልመዘግብበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የራሴን ቤት ብልሽት ልጽፍበት ሆነ።

ቄሰ ገበዝ ባንተአምላክ ከፈረስ ቤት ወርደው ሱቅ ድረስ መጡ። ላፕቶፑን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በላስቲኩ ላይ ጋቢያቸውን ደርበውበታል። የጉባኤ ቤቱ ክዳን አፍስሶ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድበት አድሯል። ገለበጥኩት፤ ውኃ ወጣ። ስንት ላፕቶፕ ከፍቻለሁ፣ ጭቃ ያገኘሁበት ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሃርድ ዲስኩም አልዳነም።

«ልጄ፣ የየኔታ ድምፅ ያለው እዚህ ውስጥ ነው» አሉኝ።

እሱንማ አውቃለሁ። የኔታ የሚሏቸው አባቴ ናቸው።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ዛሬ ደንበኛ የለም፣ ዝናብ ነው። ስለዚህ በወጉ ልጻፈው።

አባቴ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ሠላሳ አንድ ዓመት ዜማ አስተምረዋል። የሰኔ ሚካኤል ማግስት ከጉባኤ ተነሥተው ወደ ቤት ሲገቡ ደጃፍ ላይ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው ተያዘ፤ አንደበታቸውም አብሮ ተያዘ። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለን። ዓይናቸው ያያል፣ ጆሯቸው ይሰማል፣ ግራ እጃቸውም ይንቀሳቀሳል። ድምፃቸው ብቻ የለም።

ደግነቱ ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ያህል ተቀድተዋል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ትምህርት። ዜማ ብቻ አይደለም የተቀዳው፤ እሳቸው ሲመሩ፣ ተማሪ ሲቀበል፣ ሲያስቆሙት፣ ሲያርሙት፣ ሲቆጡት፣ ሁሉም አለ። ቄሰ ገበዙ ያሰቡት ከተማሪዎቹ በትምህርት የገፋው ቅጂውን እያሰማ ጉባኤውን እንዲያቆይ ነው። ቅጂው ካልተገኘ ተማሪው ከመስቀል በኋላ ሌላ መምህር ፍለጋ ይበተናል። ጉባኤው ይታጠፋል፤ አባቴም ሲታጠፍ ተኝተው ይሰማሉ ማለት ነው።

ትናንት ቄሰ ገበዙን «አይዞዎት፣ ባክአፕ አለ» አልኳቸው። ስናገር ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር። ከጥር ጀምሮ ትርፍ ቅጂው ያለበት ኤክስተርናል ዲስክ በመሳቢያዬ ውስጥ ነው። ያስቀመጠው ቂርቆስ ነው። ቂርቆስ ዲያቆን ነው፣ የአባቴ ተማሪ፤ ሁሉንም የቀዳው እሱ ነው። አሁን ቡሬ ሄዶ እህል መጋዘን ይሠራል። ስለ እሱ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

መብራት የለም። ሦስተኛ ቀን። ዳታም የለም፤ ከጠፋ ሰነባበተ። የሱቁ ባለቤት ንግሥቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። «እኛም እንደ ቄሶቹ በቃል እንሥራ እንግዲህ» አለች።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

መብራት መጣ። ዲስኩን ሰካሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጻፍ። ሥራው በ2014 ነሐሴ ላይ ሲጀመር የትምህርቶቹን ስም በሙሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቂርቆስ ኪቦርድ ላይ ፊደል ፍለጋ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ሁለት መቶ አሥራ አራት ባዶ ፋይል ሠራሁለት፤ ስምና ቁጥር ያለው፣ ውስጡ ሦስት ሰከንድ ዝምታ ብቻ። እሱ እያንዳንዱን እየከፈተ በላዩ ላይ ይቀዳል። የዚያ ባዶ ፎልደር ኮፒ እስካሁን እኔ ኮምፒውተር ላይ አለ። ባክአፑን ወደዚያው ልመልሰው አልኩ።

ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ይጠይቃል። ከየትኛው ቀን ልመልስ? ዝርዝሩን አየሁ፣ የመጨረሻው 12/9/2016 ይላል። ግንቦት 12። ልክ ነው፣ ያኔ ነው የጨረሱት። የት ልመልስ? ያልኩት ፎልደር። ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ካገኘሁስ? እዚህ ላይ ሦስት ምርጫ አለ፤ ሁሌም ተካ፣ አትንካ፣ ወይም ያለው የቆየ ከሆነ ብቻ ተካ። ሦስተኛውን መረጥኩ። ጠንቃቃ ሰው የሚመርጠው እሱን ነው። ባዶዎቹ የ2014 ናቸው፣ ቅጂዎቹ የ2015ና የ2016፤ አዲሱ አሮጌውን ይተካል፣ አለቀ።

ተጠናቋል አለ። ፈጠነብኝ፤ ግን ደስ አለኝ።

ቁጥር አንድን ከፈትኩ። ዝም። ቁጥር ሁለት፣ ዝም። ድምፅ ማጉያውን ነቅዬ ሰካሁት። ቁጥር ሃምሳ። ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት። ሁሉም ሦስት ሦስት ሰከንድ።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም ከፈትኳቸው። አንድ በአንድ። ንግሥቴ «ምን ትሰሚያለሽ?» አለችኝ። ምንም አልኳት፤ እውነቴን ነው።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ። ቀስ ብዬ ላስብበት።

ቂርቆስ ሲቀዳ አይቻለሁ። ዓይኔ አይዋሽም። ቅዳሜ ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዞ ከፈረስ ቤት ይወርድ ነበር፤ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ባክአፕ ያደርጋል፣ እስኪያልቅ ዳቦ በሻይ እንበላለን። ታዲያ ቅጂው የታለ? ሁለት ነገር ነው ሊሆን የሚችል። ወይ ባክአፑን ማድረግ አልቻለበትም፣ ከባዶው ፎልደር ላይ ሲያደርግ ኖሯል። ወይ እውነተኛውን ለራሱ ወስዶ ለእኔ የራሴን ዝምታ ትቶልኛል።

ሁለተኛውን ስጽፈው እጄ ቀፈፈው። ግን ለምን አይሆንም? በጥር ተቆጥቶ ነው የሄደ። አልተቆጣም፤ ቂርቆስ አይቆጣም። ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ሁሉም እዚህ አለ» አለኝ፣ ጃንጥላውን አንሥቶ ወጣ። ያኔም ዝናብ አልነበረም፤ ጥር ነው። ጃንጥላውን ለምን እንደያዘ እስካሁን አልገባኝም።

ይሄ ከባክአፑ ጋር አይገናኝም።

ሐምሌ 27፣ እሑድ፤ ፈረስ ቤት

መንገድ ተከፍቶ በአይሱዙ ጋቢና መጣሁ። አባባ ከስተዋል። ገና ስገባ በግራ እጃቸው ጆሯቸውን ነኩና ወደ እኔ አመለከቱ። ምን ለማለት እንደፈለጉ ወዲያው ገባኝ።

«እየተመለሰ ነው አባባ፤ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። አመኑኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዜማ ውስጥ አንዲት ነቁጥ ብታልፍ የማይምሩ ሰው፣ የእኔን ውሸት በቀላሉ አሳለፉት።

ጓዳ ውስጥ እማዬ ለጎረቤት ስታወራ ሰማሁ። «የእኔዋማ ለኮምፒውተር ነው የቆረበችው» አለች። ሁለቱም ሳቁ። ጎረቤቲቱ ቀጠለች፦ «ያ ዲያቆንስ? ቂርቆስ? እስከ መቼ በዲቁና ይቀመጣል፣ ሚስት አግብቶ አይቀስስም?» እማዬ ዕቃ ስታጥብ ብቻ ተሰማኝ።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ጾመ ፍልሰታ። ሰው ሁሉ ሱባዔ ገብቷል። እኔ ደግሞ ስልክ ይዤ ተቀምጫለሁ።

የቂርቆስን ቁጥር አወጣሁት። ለሥራ ነው። አንድ ሰው የሠራው ሥራ ሲበላሽ ይጠየቃል፤ ማንም ቢሆን። ሊጠራ ሲል ዘጋሁት። ምን ብዬ ልጀምር? «እንደምን ሰነበትክ» ካልኩ ለሰላምታ የደወልኩ ይመስለዋል። «ቅጂው የታለ» ካልኩ ደግሞ ስድስት ወር ሙሉ ያልደወለች ሴት ለዕቃ ደወለች ይላል። ሁለቱም እውነት አይደለም።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ቄሰ ገበዙ ደወሉ። «ልጄ፣ እንዴት ነው ነገሩ?»

«ጥሩ ነው አባቴ።»

«ሦስት ተማሪዎች ስንቃቸውን አዘጋጅተዋል ይባላል። እስከ መስቀል ታገሡ ብያቸዋለሁ።»

ለቄስ ዋሸሁ፣ ያውም በፍልሰታ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ቡሄ። የሰፈር ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ሱቁን ከበቡት። ሙልሙል ያልገዛሁ መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው። ባዶ ሲዲ ሰጠኋቸው፤ አብረቅራቂ ነው ብለው ተደስተው ሄዱ። ንግሥቴ እስኪያማት ሳቀችብኝ።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

ዛሬ ቡሬ ሄጄ ነበር። ለአዳፕተር ነው። ፍኖተ ሰላም የጠፋ ዓይነት አዳፕተር ነው፤ ቡሬ ይገኛል ብለውኛል።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ሚኒባሱ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ይህን ያህል ቅርብ መሆኑን ረስቼው ነበር፤ ወይም ላለማወቅ ስሞክር ኖሬያለሁ። የኤሌክትሮኒክስ ሱቆቹ መናኸሪያው አጠገብ ናቸው። እኔ ግን በባጃጅ ወደ እህል መጋዘኖቹ ሄድኩ። ባጃጁ ነው ያቋረጠው ልል ነበር፤ የት ሂድ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

በበሩ ክፍተት አየሁት። ሚዛን ላይ ነው የሚሠራው። ጆሮው ላይ እስክሪብቶ ሰክቷል፣ ነጠላውን አንገቱ ላይ ጠምጥሟል፣ ጫማው በበቆሎ አቧራ ነጭ ሆኗል። ተሸካሚዎቹ ጆንያ በጫኑ ቁጥር ኪሎውን ጮክ ብሎ ይናገራል። እየተናገረ አይደለም፤ እያዜመ ነው። «ዘጠና ስምንት ተኩል»ን በአባቴ ዜማ። መጨረሻው ላይ አባባ እንደሚያደርጉት ድምፁን ሰበር ያደርጋል። ተሸካሚዎቹ ይስቃሉ፣ እሱም ይስቃል።

ከስቷል። ፀጉሩን ተቆርጧል። ሲስቅ ግን ያው ነው።

ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። ዘበኛው መጥቶ «እህቴ፣ ሰው ፈልገሽ ነው?» አለኝ።

«የለም፣ ተሳስቼ ነው» አልኩና ተመለስኩ።

አዳፕተሩን አልገዛሁም።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

አንድ ሰው የሰረቀ ከሆነ የሰረቀውን ዜማ ለጆንያ አያዜምም። ይህን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አስባለሁ። ወይስ ስላየሁት ነው እንዲህ የማስበው?

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ንግሥቴ ኤክስተርናሉን ጠየቀችኝ። ዲስኩ የሱቁ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮቹን እንድናጸዳለት ሰጥቶናል፣ የእነሱን ፋይል የምናሳርፍበት ሌላ የለንም። «ባዶ ነው ብለሽኝ የለ? ፎርማት አድርጌ ልደምስሰው» አለችኝ። ከክፋት አይደለም።

እስከ ዓርብ ታገሺኝ አልኳት።

ዛሬ መጠኑን አየሁት። ባክአፑ አንድ ትልቅ የታሸገ ፋይል ነው፤ ፕሮግራሙ ሳይመልሰው አይከፈትም። ሠላሳ ስምንት ጊጋ ይላል። ለዝምታ በዛ። ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

ዲስኩን ለንግሥቴ ሰጠኋት።

እንግዲህ ከሰጠሁ አይቀር ሌላውንም ልጻፈው፤ ደብተሩን የሚያነብ የለም።

በጥምቀት ማግስት ነው። ታቦት ሸኝቶ መጥቶ ነጭ እንደለበሰ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ንግሥቴ አልነበረችም። «ሰርካለም፣ ሽማግሌ ልልክ አስቤ፣ መጀመሪያ ያንቺን ቃል ልስማ ብዬ ነው» አለኝ። ሌላው ወንድ አስቀድሞ አባት ዘንድ ይልካል። እሱ እኔን ጠየቀኝ።

እኔ ደግሞ ዝም አልኩ። እምቢ አላልኩም፣ እሺም አላልኩም። ለምን? ሱቁን ልተው፣ ከተማውን ልተው፣ የካህን ሚስት ልሁን፣ ይሄን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰብኩ። ደግሞ ይደግመዋል ብዬ አሰብኩ። አልደገመውም። ትንሽ ቆመና «እሺ፣ ገባኝ» አለ። ምን እንደገባው አላውቅም፤ እኔም ያልገባኝ ነገር ነበር። በሳምንቱ ዲስኩን አምጥቶ «ሁሉም እዚህ አለ» አለኝ።

ናፍቄዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ቅዳሜን ናፍቄዋለሁ፣ ፊደል ሲፈልግ አንዲቱን ጣቱን ናፍቄያለሁ፣ ሻይ ሲጠጣ ያንን የሚያናድድ ድምፅ እንኳ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ርጥብ ልብሴን ሳልቀይር ነው የምጽፈው።

ዛሬ ሩፋኤል ነው። ጠዋት ዝናቡ ሲጀምር ሰው ሁሉ ለበረከት ወጥቶ ቆመበት። አንዲት ሴት ርጥብ ሆና ገባችና ማመልከቻ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ከሱቁ ውስጥ የሚሠራው የእኔ ላፕቶፕ ብቻ ነው፣ ባትሪ አለው። ቀኑን ጻፍኩ፦ ጳጉሜን 3 ቀን 2017። ዓይኔ ከታች ጥግ ላይ ወዳለው የኮምፒውተሩ ቀን ሄደ። ሴፕቴምበር 8፣ 2025 ይላል። ዘወትር የማየው ነገር ነው።

ግን ቂርቆስ ትዝ አለኝ። በጳጉሜን አይቀዳም ነበር። «ምነው?» ስለው «ኮምፒውተሩ ጳጉሜንን አያውቃትማ፣ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለው አልቀበልም ይለኛል» ብሎኝ ስቄበታለሁ። የሳቅሁት የላፕቶፑን ቀን በእኛ አቆጣጠር ስለሞላው ነው። መስከረም አንድ ቀን 1/1/2015 ብሎ ጀመረ። «የየኔታን ድምፅ በሰው ዓመት ላይ አላስቀምጥም» አለኝ። ሰዓቱንም በእኛ አድርጎታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ላፕቶፑ አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል ብሎ ይደሰት ነበር። ያኔ እንደ ቀልድ አየሁትና ረሳሁት።

ፕሮግራሙ ግን አልቀለደም። የቂርቆስ ቅጂዎች የ2015ና የ2016 ናቸው። የእኔ ባዶዎች የተሠሩት በነሐሴ 2014 ነው፤ በእኔ ኮምፒውተር ግን 2022 ነው። ያለው የቆየ ከሆነ ብቻ ተካ ብዬዋለሁ። እሱም አየ፤ የእኔ ዝምታ ከአባቴ ድምፅ በስድስት በሰባት ዓመት አዲስ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ዝምታውን አቆየና ድምፁን ዘለለው። የሥራ መዝገቡን ከፈትኩት፣ ከሐምሌ ጀምሮ እዚያው ነበር፦ ተመለሱ 0፣ ታለፉ 214። እኔ ያነበብኩት ተጠናቋል የሚለውን ብቻ ነው።

እኔም ዝርዝሩ ላይ 2016 የሚለውን አይቼ ልክ ነው ያልኩት ለዓይኔ ልክ ስለሆነ ነው። ሌላ አገር ያለ ሰው ቢያየው ኖሮ ወዲያው ይደነግጥ ነበር።

ዲስኩ ንግሥቴ ዘንድ ነው! ማመልከቻውን ሳልጨርስ ሴትዮዋን ትቻት በዝናቡ ሮጥኩ። ንግሥቴ ቤቷ በረንዳ ላይ ሹራቧን ይዛ ተቀምጣለች።

«ፎርማት አደረግሽው?»

«በምን መብራት?» አለችኝ። «ከዓርብ ጀምሮ መቼ መጣና!»

አቅፌ ሳምኳት። በዝናቡ አበሰበስኳት፤ ሹራቡም ተበላሸ።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

መብራት ከቀኑ በስምንት ሰዓት መጣ። ጥያቄዎቹን እንደ ፈተና ቀስ ብዬ አነበብኳቸው።

ከየትኛው ቀን? ከመጨረሻው። የት? አዲስ ፎልደር፣ ምንም የሌለበት፤ ባዶዎቼ አጠገቡ እንዳይደርሱ። ተመሳሳይ ስም ካገኘህ? ሁሌም ከባክአፑ ውሰድ። የመጨረሻው ጥያቄ የፋይሎቹን ቀን ይመለከታል፤ እንዳለ ላቆየው ወይስ በዛሬ ቀን ልለውጠው? ለሥራ ቢሆን እለውጠዋለሁ፣ እንዲህ ያለ ስህተት እንዳይደገም። ግን 2015 የሚለውን ሳየው ቂርቆስ ያንን ቁጥር በአንዲት ጣቱ ሲሞላ ታየኝ። ይቆይ አልኩ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ቁጥር አንድን ከፈትኩ። መጀመሪያ ሳል። ቀጥሎ ወንበር ሲንቋቋ። ከዚያ አባቴ፦ «በል ጀምር፤ ምን ትጠብቃለህ? ደመወዝ?»

ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ንግሥቴ በሩን ዘግታልኝ ውጭ ቆመች።

ሰረቀ ብዬ የጻፍኩትን ገጽ ልቀድደው ነበር። ተውኩት፤ እንዳየው ይቀመጥ።

መስከረም 4፣ እሑድ፤ ፈረስ ቤት

ሦስት ቀን መኪና ጠበቅሁ። ዛሬ ገባሁ፤ ሜዳው አደይ ሆኗል።

ቄሰ ገበዙ ተማሪዎቹን ሰበሰቡ። ድምፅ ማጉያውን አባባ አልጋ ራስጌ አደረግነው፤ በሩ ክፍት ነው፣ ተማሪዎቹ ደጁን ሞልተውታል። ቁጥር አንድን ለቀቅሁት። «ደመወዝ?» ሲል ተማሪው ሁሉ ሳቀ። አባባ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ደነገጥኩ። አጠፋሁባቸው ብዬ ልዘጋው ስል፣ ግራ እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ መምታት ጀመረች። በዜማው ልክ ነው የምትመታው። እጃቸውን እያየሁ ቆምኩ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ስንቃቸውን አዘጋጅተው የነበሩት ሦስቱ ተማሪዎች በሶአቸውን ለሁሉም አካፈሉ። እነሱ ከቆዩ ሌላውም ይቆያል።

መስከረም 6፣ ማክሰኞ

እያሰማናቸው ነው። በቀን ሃያ ያህል፣ ተማሪዎቹ የጠየቁትን እየመረጥን።

ዛሬ ቁጥር 137 ላይ አባባ አልጋውን በኃይል መቱት። እንደ ሌላው ጊዜ በዜማው ልክ አይደለም፤ አቁም የሚል ምት ነው። አቆምኩ። መልሼ ለቀቅሁት፤ እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ መቱ። ሦስተኛ ጊዜ፣ ያው።

የሚያዜመው ተማሪ ቂርቆስ ነው። በቅጂው ውስጥ አባባ ያን ጊዜ እያሳሉ ስለነበር ስህተቱ አምልጧቸዋል፤ ሳይታረም አልፏል። አሁን ሰሙት። ድምፅ የላቸውም፣ ግን እያረሙ ነው። ደስታ ነው ያየሁባቸው፤ ከወደቁ ወዲህ የመጀመሪያው።

ከስህተቱ በፊት በሩ ሲንሲያጠጥ ይሰማል፣ አንዲት ሴት «እንደምን ዋላችሁ» ትላለች። እኔ ነኝ። ያን ቀን ለምን እንደመጣሁ ረስቼዋለሁ። ቂርቆስን ያሳሳተው የበሩ ጩኸት መሆን አለበት፤ በጣም ነው የሚጮኸው።

መስከረም 7፣ ረቡዕ

ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ኔትወርክ አለ። ብቻዬን ወጣሁ። ዛሬ ሰላምታውን አላሰላሰልኩም፤ ዝም ብዬ ደወልኩ።

«ሃሎ» አለ።

«ሰርካለም ነኝ።»

«አውቄሻለሁ።»

«የኔታ ስህተት አግኝተውብሃል።»

የተሸካሚዎቹ ጫጫታ ይሰማኛል። ራቅ ብሎ ሄደ መሰለኝ፣ ጫጫታው ቀነሰ።

«ስንተኛው ላይ?»

«መቶ ሠላሳ ሰባት።»

«እሱን አውቀዋለሁ» አለኝ። «ያን ዕለት አንቺ ነሽ የገባሽ።»

በሩ ነው ልለው አዘጋጅቼ ነበር። አላልኩትም።

«መጥተህ ታረም ብለዋል» አልኩት።

«አንደበታቸው ተፈታ? እግዚአብሔር ይመስገን!»

«አልተፈታም።»

«ታዲያ ማን ነው ያለው?»

ዝም አልኩ። በልቤ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እሱም በዚያ በኩል እየጠበቀ ነው፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«እኔ» አልኩት።